የአሮጌ አይሱዙ የነዳጅ ጌጅ ሲዋሽ ጥፋቱን እንዴት እናገኛለን?

ጌጁ ግማሽ እያሳየ መንገድ ላይ ነዳጅ ያለቀበት ሹፌር ነገሩ ይገባዋል። የናፍጣ መኪና ነዳጅ ጨርሶ ሲቆም ጀሪካን ይዞ መምጣት ብቻ አይበቃም። መስመሩ ውስጥ ንፋስ ይገባል፣ ንፋሱ ካልወጣ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም። ይህን የሚፈሩ ብዙዎች ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ እንጨት እየሰደዱ ይለካሉ። እኔ ግን ጌጁን መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ገንዘብ የሚያስወጣው ሳይፈትሹ ዕቃ መግዛት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰልባትዮው ውስጥ መካኒኮች ጋሌጃንቴ የሚሉት ተንሳፋፊ ያለው መለኪያ አለ። ተንሳፋፊው በቀጭን ክንድ ተይዞ ከነዳጁ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው፣ በኦም የሚለካው) ይለዋወጣል፤ ጌጁ የሚያነበው ይህንን ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ባዶ ሲሆን 100 ኦም አካባቢ፣ ሲሞላ ከ10 ኦም በታች ይሆናል።

መጀመሪያ የሙቀት ጌጁን እዩ። ሞተሩ ሞቆም እሱ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሁለቱን ጌጆች የሚመግበውን ፊውዝ ነቅላችሁ እግሮቹን ተመልከቱ። ሳይቃጠል ዝጎ ብቻ የሚያስቸግር ፊውዝ አለ።

የሙቀት ጌጁ ደህና ከሆነ ወደ ሰልባትዮው ሂዱ። እዚህ አትቸኩሉ። በአሮጌ መኪና ላይ በቅድሚያ የምጠረጥረው ማሳን ነው፤ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩን በመኪናው ብረት (ሻንሲ) በኩል ወደ ባትሪው የሚመልሰው መስመር ነው። ጭቃና ውሃ የማሳውን ሽቦ ጫፍ ይበላዋል። ማሳው ሲደክም ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ጌጁ ካለው ነዳጅ ያነሰ ያሳያል። ሶኬቱን ሳትነቅሉ፣ ከጋሌጃንቴው የማሳ እግር ወደ ተፋቀ የሻንሲ ብረት አንድ ሽቦ ዘርጉ። ቁልፉን ክፈቱና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ የድሮ ጌጅ ቀርፋፋ ነው። ጠቋሚው ከፍ ካለ አገኛችሁት። ማሳውን ፍቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ።

ካልተለወጠ ሶኬቱን ንቀሉ። ጠቋሚው ባዶ ላይ መውረድ አለበት። ቀጥሎ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ በትንሽ አምፖል በኩል ከሻንሲው ጋር አገናኙት። መኪናው 24 ቮልት ከሆነ አምፖሉም የ24 ይሁን። ጠቋሚው ወደ ሙሉ ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ጋሌጃንቴው ላይ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ይህንኑ ሙከራ ዳሽቦርዱ ጀርባ ላይ ድገሙት። እዚያ ከሠራ መሀል ላይ የተበጠሰ ሽቦ አለ። እዚያም ካልሠራ ጌጁ ራሱ ሄዷል። በአሮጌ ሼቭሮሌ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ባዶ 0፣ ሙሉ 90 ኦም። ስለዚህ መኪናችሁን ለዩ።

ጋሌጃንቴው መውጣት ካለበት የባትሪውን ማሳ ፍቱ፤ ሲጋራና እሳት አይቅረብ። የሰልባትዮውን አናት በደንብ ጥረጉ። ብሎኖቹን ስትፈቱ የሚገባው አቧራ ሄዶ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ክንዱን ሳታጣምሙ በዝግታ አውጡ።

ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ አወዛውዙት። ውስጡ ናፍጣ ከተንቦጫረቀ ተቀዷል፤ ሰምጦ ስለሚቀር ጌጁ ሁልጊዜ ባዶ ይላል። መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። ካልተቀደደ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጋችሁ ክንዱን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ አንሱት። ቁጥሩ ሳይቋረጥ መለወጥ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ የሚንሸራተትበት መስመር ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። በንጹህ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ተጠርጎም ከዘለለ ቀይሩት።

ስትመልሱት አዲስ ጋስኬት አድርጉ፤ አሮጌው ናፍጣ ያስተፋል። ከዚያ ሰልባትዮው ባዶ እያለ በ20 ሊትር ጀሪካን እየሞላችሁ ጠቋሚው የት እንደሚደርስ በየጀሪካኑ ጻፉ። ወረቀቱን ጋቢና ውስጥ ለጥፉት፤ ረዳቱም ይየው።