አጋምን ከመረንዝ እንዴት እንለያለን?

አጋም ለቀማ የሚወጣ ሰው ከሁሉ በፊት መረንዝን ይወቅ። ሁለቱ ቁጥቋጦዎች ዘመዳሞች ናቸው፣ ይመሳሰላሉም። መረንዝ ግን ልብ የሚያቆም መርዝ አለው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች በዚሁ መርዝ የቀስታቸውን ጫፍ ሲቀቡ ኖረዋል።

መጀመሪያ እሾህ ፈልጉ። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» የተባለው በዚሁ እሾህ ነው። መረንዝ እሾህ የለውም። ቀላል ይመስላል፤ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ተጠላልፈው ከበቀሉ፣ ያያችሁት እሾህ የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ለጋ የአጋም ቀንበጥ ደግሞ እሾህ ላያወጣ ይችላል።

ስለዚህ ፍሬውን የያዘችውን ቅርንጫፍ ያዙና እስከ ግንዱ ድረስ ተከተሏት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከሚወጡበት ቦታ እሾሁም መውጣት አለበት። ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ሹል ነው። ከዚያችው ቅርንጫፍ እሾህ ካጣችሁ አትልቀሙ።

ቅጠል ቀንጥሶ ወተቱን ማየት ዋጋ የለውም፤ ሁለቱም ነጭ ወተት ያወጣሉ። የመረንዝ ቅጠል ወፈር ብሎ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ ብዙ ጊዜም ከአጋሙ ይበልጣል። በቅጠል ብቻ ግን አትፍረዱ።

አበባው የተሻለ ይረዳል። የሁለቱም ውስጡ ነጭ፣ ውጪው ቀላ ያለ ነው፤ ሽታቸውም ደስ ይላል። አጋም አበባውን የሚያወጣው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። የመረንዝ አበባ ግን ቅጠሉ ከእንጨቱ በሚጋጠምበት ብብት ውስጥ ታጭቆ ይወጣል።

ፍሬያቸው ሲበስል ሁለቱም ቀልተው ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይሄዳሉ። የመረንዙ ብዙ ጊዜ ተለቅ ይላል፤ ሲያፈርጡት አንድ ወይም ሁለት ዘር ይገኝበታል። በአጋም ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ነው። ሁለት ካገኛችሁ እንግዲህ ምንም አላወቃችሁም ማለት ነው፤ ወደ እሾሁ ተመለሱ። ቀምሶ መለየት የሚባል ነገር የለም። «ወፍ ከበላው ሰው አይጎዳም» የሚለውንም ተዉት፤ የመረንዝን ፍሬ ወፎች ይበላሉ። ተክል የሚለይ የስልክ መተግበሪያም ቢሆን ለጌጥ ተክል እንጂ ለሚበላ ነገር አላምነውም።

እንጨቱንም አትንኩት። በመረንዝ እንጨት ሥጋ ወግተው ጠብሰው የተመረዙ ሰዎች አሉ። ሰው በስህተት በልቶ ከሆነ፣ እስኪያመው ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪሙ እንዲያየው ቅጠልና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በፌስታል ያዙ።