ለተጨናነቀ ተማሪ አንድ እግር ናና

ኔዘርላንድስ ውስጥ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አእምሮን የሚያደክም ሥራ ከሠሩ ሰዎች ከፊሎቹ ለ30 ደቂቃ አትክልት ተንከባከቡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቤት ውስጥ አነበቡ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ቀነሰ፤ አትክልት የተንከባከቡት ላይ ግን ይበልጥ ወረደ። እርግጥ ያ የተደረገው ደጅ ነው፤ የመኝታ ክፍል መስኮት ላይ ናና ማሳደግ ያንኑ ያህል ይሠራል ለማለት አይቻልም። ቢሆንም እጅን ሥራ ያስይዛል፣ ዓይንንም ከስክሪን ላይ ያነሳል።

ዘር ከመዝራት ይልቅ ከናና ቅርንጫፍ ጀምሩ፤ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። አበባ ካላወጣ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚሆነውን ከአንጓ (ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት መገጣጠሚያ) በታች ቁረጡ፤ ሥር የሚወጣው በአብዛኛው ከአንጓው ነው። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱና ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲደርስ፣ ከታች ቀዳዳ ባለውና ወደ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ዕቃ ውስጥ ትከሉት። ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ይበቃል፤ አፈሩ ጭቃ የሚሆን ከሆነ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ጨምሩበት።

ተማሪ እጅ ላይ ያለ ተክል በጥማት ብቻ ሳይሆን በውሃ ብዛትም ይሞታል። ምክንያቱም ጭንቀት በመጣ ቁጥር ወደ ተክሉ መሄድና ውሃ ማፍሰስ ይቀናል። ውሃ የሞላው አፈር ውስጥ አየር ስለሚያንስ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም የተጠማ ይመስል ይጠወልጋል፤ ያን አይቶ ውሃ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ጣታችሁን 2 ሴንቲሜትር ያህል አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ ከታች እስኪወጣ አጠጡና የተጠራቀመውን ድፉ። እርጥብ ከሆነ ለእጃችሁ ሌላ ሥራ ስጡት፦ ቢጫ ቅጠል ልቀሙ፣ የላዩን አፈር በሹካ ጫፍ አላሉ፣ የቅርንጫፎቹን ጫፍ ከአንጓ በላይ ቅጠፉ። የተቀጠፈ ናና በጎኑ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ይበዛል።

ግንዱ ቀጥኖ ከተመዘዘ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ መስኮቱ አስጠጉትና በየሳምንቱ ሩብ ዙር አዙሩት።

ለዚህ ሁሉ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፣ ስልኩም ከክፍሉ ውጭ ይቆይ። ጅምሩ ፈተና ሳምንት ላይ አይሁን፤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ቢሆን ተክሉ ያን ጊዜ ሥር ይዞ ይጠብቃል።

ለጥቂት ቀናት የምትርቁ ከሆነ ወፍራም የጥጥ ገመድ አርጥባችሁ አንዱን ጫፍ 5 ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ቅበሩ፣ ሌላውን ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ታች አስገቡት። ገመዱ ውሃውን ቀስ እያለ ይስባል። የናይሎን ገመድ ግን በደንብ ላይስብ ስለሚችል ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ሞክሩት።

እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ናናው ብቻውን አይበቃም፤ የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ወይም ሐኪም አነጋግሩ።