ለቢል እርዳታ ስትሄዱ ቤታችሁንም አስጠግኑ፦ በአሜሪካ ነጻ የዌዘራይዜሽን አገልግሎት እንዴት ይገኛል?

አሜሪካ ውስጥ ብርዱ ጠንቶ የማሞቂያ ቢል ጣራ ሲነካ፣ ብዙ የሀበሻ ቤተሰብ «ላይሂፕ» የሚባለውን የቢል እርዳታ ሊጠይቅ ይሄዳል። ቅጹ ይሞላል። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ለጋዝ ወይም ለመብራት ድርጅቱ ይከፈላል። በዓመቱ ደግሞ ያው ወረፋ፣ ያው ቅጽ። ቤቱ ሙቀት የሚያፈስ ከሆነ ይህ በተቀደደ ከረጢት እህል እንደመስፈር ነው።

በብዙ ቦታ ቀዳዳውን የሚደፍነው አገልግሎትም እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው ያለው። ዌዘራይዜሽን ይባላል። ከነዳጁ ቀውስ በኋላ በ1976 በፌዴራል ሕግ የተቋቋመ ፕሮግራም ነው። ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ ይመረምራል፣ ክፍተቶቹን ይዘጋል፣ አቲኩ (ከጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ) ላይ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳይወጣ የሚከላከል ነገር፣ ይጨምራል፣ ካስፈለገም ፈርነሱን፣ ማለትም የቤት ማሞቂያውን፣ ይጠግናል ወይም ይቀይራል። የራሱ ቤት ያለው ሰው ምንም አይከፍልም። ችግሩ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከመጠየቅ እንጀምር።

1. ትክክለኛውን ቢሮ ማግኘት

211 ደውሉ፤ የአካባቢ እርዳታ የሚጠቁም የስልክ መስመር ነው። ሥራውን በብዛት የያዙት «ኮሚውኒቲ አክሽን» የሚባሉት የየአካባቢው ድርጅቶች ናቸው። በአንዳንድ ከተማ ደግሞ ከተማው ራሱ ነው። ሲያትል የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ «ሆምዋይዝ» በሚል ስም ይሠራዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የኢነርጂና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው።

ስታገኟቸው ሁለቱንም በአንዴ ጠይቁ፦ «የቢል እርዳታም፣ ዌዘራይዜሽንም እፈልጋለሁ።» እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አማርኛ» በሉና አስተርጓሚ ጠብቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ የቋንቋ እርዳታ መስጠት አለበት፤ ዲሲማ በ2004 ያወጣችው የራሷ ሕግ አላት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የቤት ገቢና ዕዳ የሚወራበት ቦታ ነው።

2. ገቢያችሁን በትክክል ማስላት

መነሻው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል እጥፍ ያልበለጠ ገቢ ነው። በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ 64,300 ዶላር ነበር። ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ግዛቶችም የራሳቸውን መለኪያ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚከፈል የፌዴራል ድጎማ) የሚቀበል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ነገሩ ይቀላል።

ኡበርና ታክሲ የምትነዱ ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየውን ጠቅላላ ገቢ ጽፎ ራሱን በራሱ ከፕሮግራሙ ያስወጣል። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚቆጠርበት የሥራ ወጪው ተቀንሶ የቀረው ነው። ቤንዚን፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስ፣ ለኩባንያው የተቆረጠው ኮሚሽን ሁሉ ይወጣል። ታክስ ስትሠሩ የሞላችሁት «ስኬጁል ሲ» ይህን ስለሚያሳይ ይዛችሁት ሂዱ።

ከዚያ ውጪ መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የቅርብ ጊዜ የጋዝና የመብራት ቢል፣ የቤቱ ባለቤትነት ወረቀት ወይም የኪራይ ውል ይጠየቃሉ። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና ያልተቋጨ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ደንቡ ይቀያየራል።

3. ተከራይ ከሆናችሁ

ተከራይም ይችላል። የአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ግን ግድ ነው። አከራዩ ቤቱ እየተሻሻለለት እምቢ የሚልበት ምክንያት ብዙም አይታየኝም፤ ሆኖም አንዳንዱ መንግሥት ቤቴ እንዳይገባብኝ ብሎ ይፈራል። ደብዳቤውን ከቢሮው ተቀብላችሁ ስጡት። በሥራው ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ኪራይ መጨመር እንደማይችል ደንቡ ላይ አለ፤ የጊዜውን ርዝመት ቢሮውን ጠይቁ። አፓርትመንት ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው በሕንጻው ካሉት ቤቶች ቢያንስ የ66 በመቶው ነዋሪዎች ገቢ መስፈርቱን ማሟላት ስላለበት ጎረቤት አስተባብሩ።

4. ወረፋው

ረጅም ነው። ወራት፣ አንዳንድ ቦታ ከዓመት በላይ። ቅድሚያ የሚሰጠው ዕድሜው 60 የሞላ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ልጆች ላሉበት ቤት፣ እንዲሁም ቢሉ ከገቢው ጋር ሲተያይ ለከበደበት ሰው ነው። እናታችሁ አብራችሁ የሚኖሩ ከሆነ ቅጹ ላይ ይጻፉ። ይሉኝታ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል።

ወረፋ ላይ ሳላችሁ ማሞቂያው ቢሞትባችሁስ? እጅ አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ያንኑ ቢሮ ደውላችሁ «ቤቴ ሙቀት የለውም» በሉ። በላይሂፕ ሕግ መሠረት ለአስቸኳይ ችግር በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ በ18 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ መሰጠት አለበት።

በራችሁን አንኳኩቶ «ነጻ ሶላር፣ ነጻ ኢንሱሌሽን» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ምንም አትፈርሙ፤ ታብሌት ላይም ቢሆን። የረጅም ጊዜ ብድር ሊሆን ይችላል።

5. የምርመራው ቀን

ወደ አቲክ፣ ወደ ፈርነስና ወደ ውኃ ማሞቂያው የሚወስደውን መንገድ ቀድማችሁ ክፈቱ። የምድጃ አመድ ካለ አስወግዱ። ምክንያቱም ባለሙያው በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥምና አየሩን ከቤት ወደ ውጪ ይስባል፤ አመዱ ሳሎኑን ያለብሰዋል። ማራገቢያው 50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጥራል። በሰዓት 20 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ቤቱን ከሁሉም አቅጣጫ ሲመታው ማለት ነው። ያኔ የውጪው አየር በየቀዳዳው እየገባ ራሱን ያጋልጣል። እጃችሁን በማብሪያ ማጥፊያው፣ በግድግዳው ታችኛ ጠርዝ፣ በአቲኩ ክዳን ዙሪያ አስጠጉ። ብዙ ሰው መስኮቱን ሲጠረጥር ይኖርና ትልቁ ቀዳዳ ጣሪያው ላይ ይገኛል።

ለዚህም ነው አዲስ መስኮት የሚሰጠው አልፎ አልፎ ብቻ የሆነው። እያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ የወጣበትን ያህል በቁጠባ መመለስ አለበት። መስኮት ውድ ነው፣ የሚያድነው ግን ትንሽ ነው። አትከራከሩ፤ አቲኩ ይሻላል።

ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሻጋታ ያለበት ወይም የመብራት መስመሩ በጣም ያረጀ ከሆነ ሥራው ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ እነዚህን ለማስተካከል የተመደበ የዝግጅት ገንዘብ ወይም የከተማ የቤት ጥገና እርዳታ እንዳለ እዚያው ጠይቁ። አንድ ቢሮ ብዙ በር የሚከፍተው እዚህ ጋ ነው።

6. ሥራውና ከሥራው በኋላ

ሥራው ሲያልቅ ሌላ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማየት አለበት። ማራገቢያው ከሥራው በፊትና በኋላ ያሳየውን ቁጥር ጠይቁት፤ የቤቱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደተደፈነ ከዚያ ይታወቃል። የፌዴራሉ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት አማካይ ቁጠባውን በዓመት 372 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይለዋል።

አንድ ለእኛ ቤት የሚሆን ነገር አለ። ቡና በከሰል የምታፈሉ፣ ዕጣን በከሰል የምታጨሱ ከሆነ ልማዱ አሁን ይቁም። ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ድሮም አደገኛ ነበር፣ ቀዳዳው በተደፈነ ቤት ውስጥ ይብሳል። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። የተገጠመላችሁን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ጮኸብን ብላችሁ ባትሪውን አታውጡ። የመታጠቢያ ቤቱን አየር ማስወጫ አታጥፉት፤ እንጀራ ስትጋግሩም የኩሽናውን ክፈቱ።

አንድ ቤት በፕሮግራሙ ከታደሰ በኋላ በአብዛኛው 15 ዓመት ሳይሞላው አይደገምም። አሮጌ ቤት የገዛችሁ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አሠርቶት እንደሆነ ቢሮው በአድራሻው ያጣራላችኋል። ላይሂፕን ግን ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ማመልከት ትችላላችሁ።