ዳታቤዙ ይከፈታል፣ ቁልፉ ግን የለም፦ በርክሌይ ዲቢ ማሽን ሲቀይር

ችግሩ

በርክሌይ ዲቢ (Berkeley DB) ዳታን በቁልፍና በዋጋ ጥንድ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ላይብረሪ ነው። የእሱን ፋይል ከድሮ የስፓርክ (SPARC ፕሮሰሰር) ሶላሪስ ሰርቨር ወደ ኢንቴል ሊኑክስ ኮፒ አደረጋችሁ። ያለ ምንም ስህተት ይከፈታል። ቁልፍ 1ን ስትጠይቁት ግን «የለም» ይላችኋል። ሁሉንም በተራ ስታወጡ 1 የነበረው 16777216 ሆኖ ቁጭ ብሏል። እኔ ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ለፍቻለሁ። ፋይሉ ደህና ነበር።

ምክንያቱ

ስፓርክ 1ን የሚጽፈው 00 00 00 01 ብሎ ነው። ኢንቴል ደግሞ 01 00 00 00 ብሎ ይገለብጠዋል። ላይብረሪው የራሱን ነገር፣ የገጽ ቁጥሮችንና የመሳሰሉትን፣ ሲያነብ ራሱ ያስተካክላል። ለዚህ ነው ፋይሉ ዝም ብሎ የሚከፈተው። የእናንተን ቁልፍና ዳታ ግን አይነካም። ቁጥር ይሁን ስም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፋይሉ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ በሄክስ (እያንዳንዱን ባይት በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱትና 12 ባይት ዝለሉ። የፋይሉ ዓይነት ቢትሪ (B-tree፣ ቁልፎችን በተራ ደርድሮ የሚይዝ) ከሆነ ቀጣዮቹ አራት ባይቶች በስፓርክ 00 05 31 62፣ በኢንቴል 62 31 05 00 ናቸው።

መፍትሄው

ብዙ ሰው መጀመሪያ ዳታውን በዲቢ ደምፕ (db_dump) ወደ ጽሑፍ አውጥቶ በዲቢ ሎድ (db_load) ወደ አዲስ ፋይል ይመልሰዋል። ይህ የፋይሉን መዋቅር ይቀይራል እንጂ ቁልፉን እንዳለ ነው የሚመልሰው። ችግሩ እዚያው ይቀራል።

ዳታው ከስፓርክ የመጣ ከሆነ አትንኩት። ኮዱን አስተካክሉ፦ 32 ቢት ቁልፍ ሲገባ በኤችቶኤንኤል (htonl፣ ቁጥርን ወደ ስፓርክ አጻጻፍ የሚቀይር የሲ ፈንክሽን)፣ ሲወጣ በኤንቶኤችኤል (ntohl፣ ወደ ማሽኑ አጻጻፍ የሚመልስ) ይለፍ። ሌላም ጥቅም አለው። ቢትሪ የሚደረድረው ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ስለሆነ፣ በኢንቴል አጻጻፍ 256 (00 01 00 00) ከ1 ይቀድማል። በስፓርክ አጻጻፍ ግን ተራው ይጠበቃል።

ዳታው በኢንቴል የተጻፈ ከሆነ ግን አጭር የሲ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በከርሰር (ሪከርዶችን በተራ የሚያስኬድ መሣሪያ) እያንዳንዱን ሪከርድ አንብቡ፣ የቁጥር ፊልዶችን ብቻ ወደ ስፓርክ አጻጻፍ ገልብጡ፣ ወደ አዲስ ፋይል ጻፉ። ስትራክቱን (ፊልዶቹን አንድ ላይ የያዘውን የሲ መዋቅር) በጅምላ አትገልብጡ፤ ስሞች ይበላሻሉ።

እኔን ያደከመኝ የተደባለቀው ፋይል ነው። ችግሩ ሳይታወቅ አዲሱ ሰርቨር ላይ መጻፍ ተጀምሮ ነበር። መጀመሪያ መጻፉን አስቁሙ፣ ኮፒ ያዙ። ቁልፎቻችሁ ሁሉ ከ65536 በታች ከሆኑ መለየት ይቻላል፦ የስፓርኮቹ በ00 00 ይጀምራሉ፣ የኢንቴሎቹ በ00 00 ያልቃሉ። ሁለቱንም የሚያሟላው ዜሮ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቢገለበጥም ያው ነው። አንድ ቁልፍ በሁለቱም መልክ ከተገኘ የቱ እንደሚቀር ዳታውን የሚያውቀው ሰው ይወስን።

ሲያልቅ በከርሰር ከመጀመሪያው ሂዱ። 255 ወጥቶ 256 ከተከተለው ተስተካክሏል።