ስለ ድንጋይ ዓሣ ስትጽፉ እነዚህን ተጠንቀቁ

ስለ ባሕር እንስሳት የተተረጎሙ ጽሑፎችን ሳርም ዓመታት አልፈዋል። ድንጋይ መሳይ ስለሆነው ዓሣ (በእንግሊዝኛ stonefish) ሲጻፍ ደጋግሞ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ «ድንጋይ ዓሣ አድፍጦ ጠብቆ ያገኘውን በመርዙ ይገድላል።» አይገድልም! መርዙ ጀርባው ላይ በተደረደሩት 13 እሾኮች ግራና ቀኝ ባሉ ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ የሚታደነው ደግሞ በአፉ በኩል ነው የሚመጣው። በጀርባው እንዴት ያድናል? ዓሣው አሸዋ ውስጥ ወይም ኮራል መሐል ግማሽ አካሉን ቀብሮ ድርቅ ይላል። ሻካራ ቆዳው ላይ አልጌ ይበቅልበታል። ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሲጠጋው አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውሃው ይስበዋል፤ ይህ ሁሉ የሚፈጀው 0.015 ሰከንድ ያህል ነው። እሾኩ እሱን ሊበሉት ለሚመጡ እንደ ሻርክ ላሉት ነው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ይህንኑ ስህተት ጽፌ ታትሟል፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

«የድንጋይ ዓሣ» አትበሉ። የድንጋይ ቤት ከድንጋይ የተሠራ ነው፤ የድንጋይ ዓሣም ሐውልት ይመስላል። መጀመሪያ «ድንጋይ መሳይ ዓሣ» ብላችሁ አስተዋውቁትና ከዚያ «ድንጋይ ዓሣ» በሉት።

«ነከሰው» ሳይሆን «ወጋው»። «ሰው አጠቃ»ም አይባልም፤ ሰው ነው ሳያየው የሚረግጠው።

ግንባሩ ላይ ማጥመጃ ያለው አጥማጅ ዓሣ ሌላ ነው። አትቀላቅሉ።

«መርዛማ ዓሣ» ብቻ ብሎ ማለፍም አንባቢን ያሳስታል፤ ሥጋው አይበላም ብሎ ይረዳዋል። ጃፓን ውስጥ እሾኩ ተነቅሎ ይበላል። «በእሾኩ መርዝ የሚወጋ» ብትሉ ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያ እርዳታው ላይ ግን እባካችሁ አትገምቱ። አንድ ልጅ «ቁስሉ በበረዶ ይያዝ፣ ከላይ በገመድ ይታሰር» ብሎ ተርጉሞ አመጣልኝ፤ ከእባብ ንድፊያ ምክር የተወሰደ መሆን አለበት። የዚህ ዓሣ መርዝ በሙቀት ይዳከማል። የተወጋውን እግር 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በደረሰ፣ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከርና ወዲያው ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። የሙቀቱ ልክ የሚፈተነው ባልተወጋ እጅ ወይም እግር ነው፤ የተወጋው ሥቃይ ላይ ስለሆነ መቃጠሉን ላያውቅ ይችላል። ማርከሻ መድኃኒትም አለ፤ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይሠራል።