ሸራው ለምን ይረግባል? ጣና ላይ ሸራ ለሚሰቅሉ የገመድ ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ደቅ የሚሻገረው ሰው አብዛኛው በሞተር ጀልባ ነው። በሸራ የሚሄዱት ጥቂት ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሸራው አልወጠር ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሱ ሸራው ነው። ሸራ መቀየር ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ከዚያ በፊት ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚያወጣውን ገመድ ፈትሹ።

ጠዋት የተወጠረው ከሰዓት ሲረግብ

ዋናው ችግር ይህ ነው። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ሲል ሸራው ልክ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲበረታ ግን ከምሰሶው ጀምሮ አግድም መጨማደድ ይታይበታል። የሸራው ሆድ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጀልባዋም ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን ታዘነብላለች።

ወይ ገመዱ ተለጥጧል፣ ወይ ከታሰረበት ተንሸራቷል። ለመለየት አንድ ማርከር ይበቃል። ሸራውን ወጥራችሁ ስታስሩ፣ ገመዱ ማሰሪያው ላይ የሚገባበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ሲረግብ ተመልሳችሁ እዩት። ምልክቱ ከማሰሪያው ርቆ ወደ ላይ ከወጣ ተንሸራቷል። ምልክቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሸራው ዝቅ ካለ ተለጥጧል።

ከተለጠጠ ከምን እንደተሠራ እዩ። ናይለን ከሆነ መለጠጥ ተፈጥሮው ነው። ውሃ ስለሚመጥም ሲርስ ጥንካሬው ይቀንሳል። ግን አትጣሉት፤ ጀልባ ለማሰርና ለመልህቅ ግሩም ነው፤ የማዕበሉን ምት እየተለጠጠ ያበርደዋል። ገበያ ላይ የሞላው ሰማያዊና ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን፣ ርካሽ ነው። ለሸራ ግን አይሆንም። ይለጠጣል፣ ያንሸራትታል፣ ከሁሉም በላይ ፀሐይ አይችልም።

ለሸራ ፖሊስተር ግዙ። ብዙ አይለጠጥም፣ ቢርስም አይደክምም፣ ፀሐይንም ይቋቋማል። ከተገመደው ይልቅ የተጎነጎነውን፣ ውስጡ ሌላ እምብርት ያለውን ምረጡ። ዳይኒማ የሚባለው ከዚህም ያነሰ ይለጠጣል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ለውድድር ላልሆነ ጀልባ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ሻጩ ዓይነቱን ካላወቀ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አየሩን ጨምቁና ልቀቁት። ከተንሳፈፈ ፖሊስተር አይደለም። ከሰጠመ ረዘም ያለውን ከአንድ ነገር አስራችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ሳቡት። እንደ ላስቲክ ከመጣ ናይለን ነው።

ተንሸራቶ ከሆነ

ገመዱ ለማሰሪያው ቀጥኗል፣ ወይም ላዩ ተልጎ ልስልስ ብሏል። ለ6 እና 7 ሜትር ጀልባ 8 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ቀጭኑም ክብደቱን ይችል ይሆናል፤ እጅ ግን ይቆርጣል። ላወፍረው ካላችሁ ደግሞ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለውን፣ ገመዱ የሚዞርበትን መዘውር ለኩ። ገመዱ በቦዩ ውስጥ በነፃነት ካልሄደ ጎኑ ይፋቃል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲጎፍር

ሸራው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ሁልጊዜ መዘውሩ ላይ የሚያርፈው ያው አንዱ የገመዱ ክፍል ነው። ከሸራው በኩል 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩት፤ የሚፋቀው ቦታ ይቀየራል። እምብርቱ ከታየ ግን አታስታምሙት፣ ቀይሩት። መዘውሩንም በጣታችሁ ዳስሱ። ሻካራ ጠርዝ ካለው አዲሱንም ይበላዋል።

ሸራው አልወርድ ሲል

ገመዱ ከመዘውሩ ቦይ ወጥቶ ጎኑ ላይ ተሰንቅሯል። በጉልበት ወደ ታች አትጎትቱ፣ ይብሳል። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ ሸራውን ትንሽ ወደ ላይ መልሱት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ወደ ዳር ስትደርሱ መዘውሩ ጎን ያለውን ክፍተት ሳታጠብቡ ሸራውን ዳግመኛ አትስቀሉ። ማዕበል መሃል የማይወርድ ሸራ ጀልባ ይገለብጣል።

ደብዝዞ ዱቄት ሲያራግፍ

ይህ የፀሐይ ሥራ ነው። የጣና ውሃ ጨው የለውም ብላችሁ አትዘናጉ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አንዴ የተቃጠለ ክር አይድንም። መከላከል ግን ይቻላል። ጀልባዋ ለሳምንታት የምትቆም ከሆነ በገመዱ ጫፍ ቀጭን ሲባጎ ስፉበትና ጎትቱ፤ ሲባጎው ምሰሶው ላይ ይቀራል፣ ገመዱ ቤት ይገባል።

አዲሱንም የምታስገቡት በዚሁ መንገድ ነው። ርዝመቱ የምሰሶው ቁመት እጥፍ፣ ለማሰሪያ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ተጨማሪ ይሁን። ጫፉን በላይተር አቅልጣችሁ ከአሮጌው ጫፍ ጋር ጫፍ ለጫፍ ስፉት። በቋጠሮ አታገናኙት፣ መዘውሩ አያሳልፈውም። ከገባ በኋላ ታች የቀረውን ጫፍ ቋጥሩት፤ ካመለጣችሁ ምሰሶ መውጣት ሊኖርባችሁ ነው።