የመንገደኛ ማስታወሻ እንዴት ይያዛል? ሰማዩን፣ መንደሩንና አሮጌውን ቤት አብሮ ማየት

እስኪ የድሮ የጉዞ ደብተራችሁን ገልጣችሁ እዩት። «ቆንጆ መንደር፣ የሚያምር ጥንታዊ ግንብ፣ አየሩ ደስ ይላል» የሚል ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ የትኛው መንደር እንደሆነ እንኳ አታስታውሱም። «ደስ ይላል» ምንም አይናገርም። «ሲነጋ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር» ግን ያን ጠዋት መልሶ ያመጣዋል።

እኔ ከብዙ ጉዞ በኋላ የያዝኩት ዘዴ ቀላል ነው። አየሩን፣ የሰዉን ኑሮና አሮጌውን ቤት ለየብቻ አልጽፋቸውም። አንዱ የሌላው ምስክር ነው። ጣራው ስለ ዝናቡ ይናገራል፣ በሩ የዞረበት አቅጣጫ ስለ ንፋሱ፣ የተበላው ደረጃ ደግሞ ስለ ሰዉ እግር።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ኪስ የሚገባ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። ትንሽ ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ። ከመነሳታችሁ በፊት 10 ሜትር ለክታችሁ በስንት እርምጃ እንደምትጨርሱት ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የትም ብትሄዱ የግቢውን ስፋት በእግራችሁ ትለካላችሁ።

በሰማዩ ጀምሩ። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጻፉ፣ ቀጥሎ ደመናውን። ለደመና ዛሬ የምንጠቀምበትን አጠራር መሠረት የጣለው ሉክ ሃዋርድ የሚባል የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ በ1802 እ.ኤ.አ.። በላቲን ሦስት ዋና ዋና ስሞች ሰጠ፦ እንደ ፀጉር ክር ቀጭን የሆነውን ሲረስ፣ እንደ ክምር የተቆለለውን ኩሙለስ፣ እንደ አንሶላ የተዘረጋውን ስትራተስ አለ። እነዚህን ሦስቱን ከለያችሁ ለመነሻ ይበቃል። ኩሙለሱ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ላይ እየቆመ፣ ሥሩ እየጠቆረ ከሄደ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሊመጣ ይችላልና የምትጠለሉበትን ከወዲሁ እዩ። መብረቅ ስታዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩና ለ3 አካፍሉት፣ በኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደራቀ ታውቃላችሁ። 9 ሰከንድ ማለት 3 ኪሎ ሜትር ነው፣ ይሄ ደግሞ በጣም ቅርብ ነው፣ ቀድሞውኑ ተጠልላችሁ መሆን አለበት።

ለንፋስ መሣሪያ አያስፈልግም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 እ.ኤ.አ. ከ0 እስከ 12 የሚሄድ መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር፣ በኋላ ለየብስም ተስማምቶ ተሠራ። ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ 0 ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለማቋረጥ ከተነቃነቀ 3፣ አቧራና ወረቀት ከተነሳ 4፣ ትልልቅ ቅርንጫፎች ተወዛውዘው ጃንጥላ መያዝ ካስቸገረ 6። ንፋሱ የሚጠራው በሚመጣበት አቅጣጫ እንጂ በሚሄድበት እንዳልሆነም አትርሱ። ተራራ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚቀዘቅዝ አስቡና ልብስ ያዙ።

የመንደር ሰዎች ስለ አየር የሚሉትን ሁሉ ጻፉ፣ አትናቁት። ጨረቃ ቀለበት ስትሠራ ዝናብ ይመጣል የሚሉ አሉ። ቀለበቱን የሚሠራው በከፍታ ላይ ያለ የበረዶ ቅንጣት የሞላበት ስስ ደመና ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ዝናብ ያዘለውን ደመና ቀድሞ ይደርሳል። ሲመሽ ሰማይ ከቀላ ነገ ብራ ነው የሚለው ግን የሚሠራው አየሩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚጓዝባቸው አገሮች ነው፣ ንፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ በሚነፍስበት ሞቃት ምድር አያስተማምንም። ስለዚህ አባባሉን ከነቦታው መዝግቡ።

ወደ መንደሩ ስትገቡ ካሜራችሁን አታውጡ። መጀመሪያ ሰላምታ። ከዚያ አንድ ቦታ ምረጡና ተቀመጡ፣ የውሃ መቅጃው አጠገብ ወይም መንገድ የሚገናኝበት ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ በቀን አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ ማለፉ አይቀርም። ጎህ ሲቀድ፣ በእኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ ወደዚያው ተመለሱ። መጀመሪያ የሚነሳው ማነው? በፀሐይ ሰዓት ሰዉ የሚሰበሰበው የትኛው ጥላ ሥር ነው? እንጨቱ የተከመረው በየትኛው ግድግዳ በኩል ነው? ዝናብና ንፋስ በማይደርስበት በኩል እንደሆነ ታያላችሁ። የጠዋቱን የንፋስ ማስታወሻችሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት፣ ካልተስማማ ያያችሁት የዕለቱን ንፋስ እንጂ የዓመቱን አይደለም ማለት ነው።

አሮጌ ቤት ጋ ስትደርሱ ቸኩላችሁ አትግቡ። ዙሩት። ጠዋት ወይም አመሻሽ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው የመጥረቢያና የመዶሻ ምልክቱ፣ እብጠቱ፣ የተደፈነ መስኮት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ካያችሁ፣ የሁለቱም ወገን ድንጋይ እርስ በርሱ ካልተሳሰረ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች በተለያየ ጊዜ መሠራታቸው አይቀርም። ቅርጽ ያለው ድንጋይ ተዘቅዝቆ ወይም በጎኑ ከተገነባ ከሌላ ሕንፃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከበሩ በላይ የተቀረጸ ዓመት ስታዩ ግን ወዲያው አትመኑ፣ የእድሳት ዓመትም ሊሆን ይችላል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ በቅን ልቦና በሲሚንቶ የተጠገነ የኖራ ግንብ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ግንቡ የጠጣውን ውኃ በመጋጠሚያው በኩል ያስወጣል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲታሸግ እርጥበቱ መውጫ ያጣና በድንጋዩ ፊት ይወጣል፣ ጨው ይቀመጥበታል፣ ከዚያ ድንጋዩ እየተላጠ ይረግፋል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርና የተፈረፈረ ድንጋይ ካያችሁ ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንደሚያቆም ጻፉ። ፎቶ ስታነሱ ለልክ እንዲሆን እርሳሳችሁን አጠገቡ አድርጉ። በጥፍር አትቆርቁሩት፣ ቁራሽም አትውሰዱ።

ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ጠባብ መስኮት ካጋጠማችሁ እጃችሁን ውስጡ ላይ አሳርፉ፣ ቀን አንዴ፣ ማታ አንዴ። ቀን የጠጣውን ሙቀት ከሰዓታት በኋላ ነው ወደ ውስጥ የሚያደርሰው። ይሄን ቴርሞሜትር ከሚነግራችሁ ይልቅ መዳፋችሁ ሲነግራችሁ አትረሱትም።

ሽማግሌ ስትጠይቁ «ይህ ቤት መቼ ተሠራ?» አትበሉ፣ መልሱ «ድሮ ነው» ይሆናል። «ይቺ በር ለምን ተደፈነች?»፣ «ወንዙ ሞልቶ እስከ የት ደርሶ ነበር?» በሉ። ያኔ ራሳቸው ተነስተው በጣታቸው ያሳዩአችኋል፣ በዚያው ቁመት ላይ ግድግዳው ላይ መስመር ታገኙም ይሆናል።

ማታ ሳትተኙ ማስታወሻውን አንዴ አንብቡና ያላችሁን ጨምሩ። ያያችሁትን በአንድ ገጽ፣ የገመታችሁትን በሌላው ገጽ ጻፉ፣ አትቀላቅሉት። ያልገባችሁ ነገር ጎን የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ስትነሱ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደዚያ ነው።